«ሄዘር ደን»ን ማን ሰየመው?

ልጅ ሳለሁ፣ የመንገዳችንን ስም ያወጣው አባቴ ነው ብዬ አምን ነበር። ማውንተንስ ኤጅ በሚባለው፣ ጥላ የሚሆን አንድ ዛፍ በሌለበት የበረሃ ሰፈራችን ውስጥ፣ ጥግ ላይ የቆመው ምልክት «ሄዘር ደን» ይላል። የእናቴ ወንድም ጋሼ ወርቁ ካዚኖ ውስጥ የእንግዶች መኪና ያቆም ነበር፤ ሺፍት በሌለው ቀን ጓሯችን ሥጋ ይጠብስልናል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ፍሙን እየቆሰቆሰ ያችኑ ተረት ይጀምራል።

«አባትሽ መንገድ ቀያሽ ነበር። አለቆቹ ስም ጠፍቷቸው ሲጨነቁ፣ ‹ደን በሉት፣ ዛፉ በኋላ ይመጣል› አላቸው። አሁንም ሩቅ አገር መንገድ እየሰየመ ነው፤ ሲጨርስ ይመጣል።»

ያኔ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ የዓለም መንገድ ሁሉ ስም የሚያገኝበትን ቀን እያሰብኩ አዳምጠው ነበር። እናቴ ሳህን እያነሳች ትሰማለች። አንድ ቀን እንኳ «ተው» አላለችውም።

አራተኛ ክፍል ስለ ሰፈራችን እንድንናገር ስንታዘዝ፣ ደን በአማርኛ ጫካ ማለት እንደሆነና ስሙንም አባቴ እንዳወጣው ደረቴን ነፍቼ ተናገርኩ። አስተማሪዬ ክፉ ሴት አልነበረችም። መዝገበ ቃላት ከፍታ አጠገቤ ተንበረከከችና አስነበበችኝ። «ደን» የስኮትላንድ የጥንት ቃል ነው፤ በሁለት ተዳፋት መሀል የተደበቀች፣ ዛፍ የሞላባት፣ ብዙ ጊዜም ጅረት የሚያልፍባት ጠባብ ሸለቆ ማለት ነው። እዚያ አገር መንደሩም እርሻውም በዚህ ቃል ይጠራል አለችኝ። እዚህ ደግሞ ቤት ሠሪዎች ለጆሮ ስለሚጥም ብቻ በረሃ ላይ ይለጥፉታል።

ቤት ስደርስ ጋሼ ከሰሉን ገና እያቀጣጠለ ነበር፤ እናቴም አጠገቡ ሳህን ትደረድራለች።

«ጋሼ፣ ቼክ አደረግን። ደን የስኮትላንድ ቃል ነው። ታዲያ አባቴ የት ነው?»

ጋሼ እናቴን አያት። እናቴ ፊቷን ሳታዞር፣ «ቦልደር ሲቲ ነው። ሌላ ቤት አለው» አለችኝ።

ቦልደር ሲቲ ከቤታችን በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው።

«አንቺን ብዬ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ» አለ ጋሼ።

ከአባቴ መሄድ ይልቅ ያንገበገበኝ የእናቴና የጋሼ ነገር ነው። ለዓመታት ከጀርባዬ እየተያዩ አሞኙኝ። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ተረት ሲጀምር ተነስቼ ወደ ቤት እገባ ነበር፤ እሱም ፍሙን ብቻውን ይቆሰቁሳል። ካረፈም በኋላ ይቅር ያልኩት አይመስለኝም።

በቅርቡ ልጄን ይዤ በዚያ ሳልፍ ምልክቱን አነበበችው።

«ማሚ፣ ደን ምንድነው?»

«ሸለቆ ነው። የስኮትላንድ ቃል ነው።»

«ስሙን ማን አወጣው?»

«አያትሽ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና፣ «ቤት የሚሠሩ ሰዎች» አልኳት። እሷ ወዲያው ረሳችው። እኔ ግን እስከ ቤት ድረስ በጋሼ ተናድጄ ነዳሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ፣ ከእውነቱ ይልቅ የሱ ውሸት ይጥመኛል።