ያልተነካው መርፌ

ኸሊፋ ቦንጋ ገበያ ሬዲዮ ሲጠግን ያረጀ ወዳጄ ነው። የሟች አባቱ መንዙማ የተቀዳበት አንድ ሸክላ አለው፤ ሌላ ቅጂ የለም። ያረጀ የማጫወቻ መርፌ ሸክላ እንደሚፍቅ ስለሚያውቅ ሠላሳ ዓመት አላጫወተውም። ለልጁ ለፋኢዛ ሠርግ ብሎ ግን አንድ አዲስ መርፌ ከነካርቶኑ አስቀምጦ ነበር።

ሠርጉ ሲቃረብ መርፌውን ገጥሞ በሌላ ሸክላ ሞከረው። ድምፁ እየተንጫጫ ወጣ። በአጉሊ መነጽር አየሁለት፤ ጫፉ ደህና ነው፣ ጫፉን የያዘው ጎማ ግን እንደ ድንጋይ ደርቋል።

«ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ አልሠራም እኮ!» አለኝ።

«የተቀመጠም ያረጃል፣ ኸሊፋ።»

ሚስቱ ሙፊዳ ሳቀች። «የሠርግ ጫማዬንም እንዲሁ ስታስቀምጠው ተላጠ። በል አንተው በልልን፣ የአባትህን መንዙማ አታጣው!»

ጀመረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዜማው ጠፋው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ቀጥል እንጂ» አለች ሙፊዳ፣ አሁን ሳትስቅ።

«ሌላ መርፌ ከአዲስ አበባ ይምጣ» አልኩ።

«እስከዚያ የቀረውም ቢጠፋኝስ?» የአባቱን ሸክላ በሁለት እጁ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ስልክዎ ይቅዳ። አንዴ ብቻ ነው።»

ሸክላው መዞር ጀመረ። ያንኑ መርፌ አወረደበት።