ትርሲት የታመመችበት ሳምንትና እኔ ያወጣሁት ዕጣ

ስለ ትርሲት ከሚያወራ ሰው ሁሉ እኔ እበልጣለሁ። ሌላው የሚያውቃት በስሟ ነው፤ እኔና እሷ ግን እቤቴ ሁለት ዓመት አብረን በብርድ ስንቆፈን የኖርን ሰዎች ነን። የእህቴ የልጅ ልጅ ናት። ወላጆቿ ግሼ ወረዳ ገብስ ያርሳሉ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ስትመጣ፣ የሥራ ማስታወቂያ የሚለጠፈው መሐል ሜዳ ከተማ ነው ተባለና እኔና ጌታነሽ ጋ ገባች። ጌታነሽ ባለቤቴ ናት። የልጅቷ ትምህርት ስታቲስቲክስ ይባላል። ምንድን ነው ስላት፣

"መቁጠር ነው አባባ" አለችኝ።

መቁጠርማ እኔስ መች አነስኩ! ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ባና፣ ይሄን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ስነግድ እንደኔ ያለ ሰው አልነበረም። ባናውን በእጄ ዳሰስ አድርጌ የየትኛው ሸማኔ እንደሆነ እናገር ነበር። አንድ ጊዜ ሞላሌ ገበያ ላይ ዓይኔን በነጠላ አስረው ፈተኑኝ። ከዘጠኝ ባና ስምንቱን መለስኩ። ዘጠነኛውም ቢሆን የኔ ስህተት አይደለም፤ ሸማኔው ታሞ ልጁ ነው የጨረሰው። እንግዲህ ይሄን የመሰለ ሰው ነኝ። ወደ ልጅቷ ልመለስ።

ይቺ ልጅ አንድ አመል አለባት። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ እስኪያልቅ ድረስ፣ ማታ ማታ ሰሐን ውሃ ሞልታ ከአጥሩ ሥር ታስቀምጣለች። ጠዋት ፀሐይ ሳይነካው በረዶውን ሰብራ በማስመሪያ ትለካዋለች። ከዚያ ደብተር ላይ ታሰፍራለች፤ ስልኳም ላይ እንደ ተራራ ከፍ ዝቅ የሚል መስመር ታደርገዋለች። ጎረቤታችን ቄስ ገብረየሱስ አንድ ቀን ጠሩኝና፣

"ዳኜ፣ ይቺ ልጅ ውሃ የምታሳድረው ለምንድን ነው? ለጠበል ከሆነ በእኔ በኩል ይለፍ እንጂ" አሉኝ።

"ለልኬት ነው አባ።"

"ተለክቶስ?"

"ይጻፋል።"

"ተጽፎስ?"

ትርሲትን ስጠይቃት "ለምንም" አለች። "ደስ ይለኛል" እንኳ አላለችም። ይሄው ነው ነገሯ። መጀመሪያ ስትመጣ እንዲህ አልነበረችም። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ፀጉሯን ተሠርታ፣ ወረቀቶቿን በላስቲክ ጠቅልላ ትሮጥ ነበር። ሃያ ስድስተኛው ላይ ይመስለኛል መሮጡን ተወችው። ትሄዳለች፣ ትፈተናለች፣ ትመለሳለች። እንዴት ነበረ ሲሏት "ደህና" ትላለች፤ ወፍጮ ቤት ደርሳ የመጣች ነው የምትመስለው።

በኅዳር ማለቂያ ላይ ግን አንድ ነገር መጣ። አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት የመረጃ ሠራተኛ እፈልጋለሁ አለ። መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተፈተነ። ውጤቱ ሲለጠፍ አምስት ሰዎች እኩል ሆነው ከላይ ቁጭ አሉ፤ ትርሲት አንዷ ናት። በነጥብ መለየት ስላልተቻለ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ዕጣ ይወጣል ተባለ። ያልመጣ ወይም ወኪል ያልላከ እንደተወው ይቆጠራል። ያን ዕለት ልጅቷ ሁለት ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት። ጌታነሽም ሰምታለች፤ እኔ ፈጥሬ አላወራም።

ሰኞ ጠዋት ወጣ ስል ሰሐኑ እንዳደረ ቁጭ ብሏል። በረዶው አልተሰበረም። ገብቼ ባያት በሁለት ጋቢና በአንድ ባና ተጠቅልላ ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ግንባሯን ስነካው ግን እንደ ምጣድ ይፋጃል። ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ደግፈን ወሰድናት። ደም ወስደው ታይፎይድ ነው አሉና ኪኒን ሰጧት። ረቡዕ ልነሳ ብላ በሩ ጋ ስትደርስ ጌታነሽ ባትይዛት ግድግዳው ይቀበላት ነበር።

"እርስዎ ይሂዱልኝ" አለችኝ ተኝታ።

"ዕጣውን እኔ ላወጣ?"

"ሌላ ማን አለኝ አባባ።"

ትራስ ተደግፋ የውክልና ወረቀቱን ጻፈች፤ እኔ ቀበሌ ሄጄ ማኅተም አስመታሁበት። በረዶውንም ለካሁላት። ማስመሪያው ላይ ያለው ቁጥር አይገባኝም፤ የበረዶውን ቁራጭ ከነማስመሪያው በጨርቅ ይዤ አልጋዋ ድረስ አመጣሁት። አየችውና "ስምንት ሚሊ" ብላ ዓይኗን ከደነች። ደብተሩን አምጡልኝ አላለችም።

ሐሙስ ካፖርቴን ለበስኩ። ስወጣ ጌታነሽ በሩ ላይ ያዘችኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ አፍህን እዚህ ትተህ ሂድ። እጅህ ብቻ ይበቃል።"

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። ቃለአብ የሚባል ጨዋ ወጣት ነው የሚያስፈጽመው። አምስት ወረቀት እኩል እኩል አድርጎ ቆረጠ፤ ሁለቱ ላይ "ደርሷል"፣ ሦስቱ ላይ "አልደረሰም" ብሎ እንደጻፈ ለሁሉም አሳየ። አጣጠፈና የጫማ ካርቶን ውስጥ ጨምሮ ነቀነቀው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አባት፣ በዕድሜ ትልቅ እርስዎ ነዎት። ይጀምሩልን።"

አሁን እዚህ ላይ ስሙኝ። እኔ በሰፈራችን ቅርጫ ሠላሳ ዓመት ሥጋ የመደብኩ ሰው ነኝ። በሬው ታርዶ ሲመደብ፣ ያላየ ሰው ይጠራና የየሰዉን ጠጠር በየመደቡ ላይ ይጥላል። እኔ ግን ጠጠር አልሰጥም። የተረፈው መደብ የእኔ ነው። ለምን ቢሉ፣ የተረፈው ለሱ የሆነ ሰው አድልቶ አይመድብም። በሠላሳ ዓመት አንድ ሰው ብቻ ነው ያጉረመረመብኝ፤ እሱም ጥርስ አልነበረውም። ሽማግሌ ከልጆች ቀድሞ እጁን ወደ መደብ ሲሰድ አይቼም አላውቅ። ስለዚህ ለቃለአብ እንዲህ አልኩት።

"ልጄ፣ እኔ ልጆች ቆመው ቀድሜ እጄን የምሰድ ሰው አይደለሁም። ይውሰዱ። የተረፈው ይበቃኛል።"

ሁሉም ደስ አላቸው። ይታየው የሚባል፣ ከሞላሌ በእግሩ የመጣ ቀጭን ልጅ "እግዚአብሔር ይስጥልን አባባ" አለኝ። እኔም ምርቃቱ ሞቆኝ ደረቴን ነፋሁ። አልዋሽም።

ይታየው አወጣ፤ አልደረሰም። ቀጥላ ሲና የምትባል ልጅ አወጣች፤ ደርሷል። ወረቀቱን አፏ ላይ ይዛ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ሦስተኛዋ ሕፃን ያዘለች ሴት ናት፤ አልደረሰም። ወረቀቱን መልሳ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አራተኛው ባለ ሞተር ልጅ ነበረ። እንደቆመ ከፈተው፤ ደርሷል። ጮኸ፤ ከዚያ አፈረና ዝም አለ።

ካርቶኑ ውስጥ አንድ ወረቀት ቀረ። ቃለአብ ዘረጋልኝ፤ ዓይኑ ግን መስኮቱ ላይ ነው።

"ለደንቡ ያህል ይውሰዱት አባት።"

ወሰድኩት። ለይታየው ሰጠሁት።

"አንብብልኝ ልጄ።"

"አባባ፣ ያው ነው እኮ።"

"አንብብልኝ ብዬሃለሁ።"

"አልደረሰም ይላል።"

ቃለ ጉባኤው ላይ አሻራዬን አስደረጉኝና ወጣሁ። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ይለኛል፣ እመልሳለሁ፤ ለማን እንደመለስኩ ግን አላውቅም። ብርድ አልተሰማኝም፣ ፀሐይም አልተሰማኝም። ንዴት እንኳ አልነበረኝም። ቤት እስክደርስ የማወራትን ነገር ሳዘጋጅ ቆየሁ። መቼም ወሬ በማሳመር እኔን የሚስተካከል የለም፤ ካርቶኑ ጠባብ ነበር ልል ነበረ፣ ልጁ አልነቀነቀውም ልል ነበረ።

ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ስልኳ ደረቷ ላይ ነው።

"ሲና ሁሉንም ቴሌግራም ላይ ለጥፋዋለች፤ ይጀምሩ ሲባሉ እምቢ ማለትዎንም ጭምር" አለች። "መጨረሻ ነው ያወጡት?"

"አዎ።"

"እሺ።"

አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ጌታነሽ ናት፤ ጓዳ ገብታ፣ ድስት እያንኳኳች እንዳይሰማባት። ስትወጣ እኔን አየችኝና፣

"ጀምር ብለውህ! ለምነውህ!" አለች።

ዓርብ አላወራሁም። የሚያውቀኝ ሰው ይሄን ቢሰማ አያምንም። ቄስ ገብረየሱስ መጥተው ስለ አንድ የጠፋ በቅሎ ሲጠይቁኝ፣ በበቅሎ ነገር እንኳ አልመለስኩም። እሳት ዳር ቁጭ ብዬ ዋልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትኩሳቷ ወርዶ ተነስታ ተቀመጠች። ፊቷ ከስቷል። አጥሚት ሁለት ፉት ብላ ጽዋውን አስቀመጠችና አየችኝ።

"ለምን ዝም አሉ አባባ?"

"ምን ልበል?"

"መጀመሪያ ቢያወጡ ኖሮ ይደርሰኝ የነበረ መስሎዎት ነው?"

"ነው እንጂ! ሙሉ ካርቶን ትቼ ባዶውን ጠበቅኩልሽ።"

"መጀመሪያ ያወጣው ይታየውም አልደረሰውም።"

"የይታየው እጅ የእኔ እጅ ነው እንዴ?"

እዚህ ላይ በከንፈሯ ጥግ ፈገግ ያለች መሰለኝ። "እማማ ጌታነሽ፣ አምስት ባቄላ ይስጡኝ" አለች። ሁለቱ ላይ በእስክሪፕቶ ነጥብ አደረገች። ጣሳ ውስጥ ጨመረችና ነቀነቀችው። ጌታነሽ መጀመሪያ እንድታወጣ አደረገች፤ ከዚያ ትርሲት ለሌሎቹ ሦስት ሰዎች ሦስት ታወጣለች፤ የተረፈችው የእኔ ናት። ነጥብ ያላት ለማን እንደወጣች ደብተሯ ላይ ትጭራለች። እንደገና ትነቀንቃለች።

መቶ ጊዜ አወጣን። እውነቴን ነው። ከሰዓት በኋላችን አለቀ፣ እሳቱ ሁለት ጊዜ ጠፋ። ጌታነሽ መጀመሪያ ላይ "ይሄ የሕፃን ጨዋታ ነው" ስትል ነበር፤ ስልሳኛው ላይ ነጥብ ሲወጣላት እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ትርሲት ቆጠረች። "እማማ አርባ አንድ። አባባ ሠላሳ ዘጠኝ።"

"ይኸው! በሁለት በለጠችኝ!"

"ሁለት ምንም ማለት አይደለም። ሺህ ጊዜ ብናወጣ እየተቀራረበ ይሄዳል።"

"ሺህ ጊዜስ አናወጣም" አለች ጌታነሽ ወገቧን ይዛ።

"ቀድመው ቢያወጡም መጨረሻ ቢያወጡም ዕድሌ ከአምስት ሁለት ነበር አባባ። እርስዎ የወሰዱብኝ ነገር የለም።"

ደብተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ጭረቱ ነው ያለው፤ ጭረት ደግሞ እኔም አነባለሁ። አየሁት። የእሷ ሒሳብ ልክ መሆኑ ገባኝ። ገብቶኝም ደረቴ ውስጥ ያለው ድንጋይ ከነበረበት አልተነቃነቀም።

"ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ሥራ አስገብቼሻለሁ በይኛ" አልኳት።

"ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ" አለች።

ማንም አልሳቀም። ስልኳን እያየች፣ ሞላሌ አንድ ማስታወቂያ እንደወጣ ነገረችኝ። አንድ ቦታ ነው። ምዝገባው ማክሰኞ ያልቃል፤ እስከዚያ መቆም እችላለሁ አለች።

"ብዙ ሰው ይመጣል?"

"ይመጣል።"

"እንግዲህ ነገሩ ዕጣ ላይ ከደረሰ ራስሽ ታወጫለሽ። እኔ አላወጣም።"

"እርስዎ ያወጡልኛል።"

"ስለምን?"

"ማንም ቢያወጣው ልዩነት የለውም። እኔ ደግሞ እጄን መስደድ ሰልችቶኛል።"

ይሄን ስትል ድምፅዋ እንደወትሮው ነበረ፤ ወፍጮ ቤቱ ዛሬ ይሠራል ወይ ብላ የምትጠይቅ ያህል። እሺ አልኳት። ጌታነሽ በሶ በጥብጣ አመጣችልን፤ ሦስታችንም ጠጣን።