ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ አባቴ ፕሮግራም

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከዊንጌት ተነሳሁ። መንገዱ አጭር ነው፤ ግን ብቻዬን ለሥራ ስሄድ የመጀመሪያዬ ስለሆነ እንደ ትልቅ ጉዞ ልጽፈው ፈለግኩ። መጻፍ ሰሞኑን ደስ እያለኝ ነው! የምሄደው እትዬ ዘይነባ የሀበሻ ልብስ ሱቅ ነው። የሱቁን ፕሮግራም የጻፈው አባቴ ነበር። እሱ ከሞተ አራት ወሩ ነው። ፕሮግራሙ «ሜሞሪ ሞልቷል» እያለ ሻጮቹን በሥራ መሀል እያስወጣ አስቸግሯል፤ ዛሬ ካልተስተካከለ ሰኞ በሌላ ሊተኩት ነው። አባቴ ከሠራቸው ፕሮግራሞች እስካሁን የሚሠራው ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

አዲሱ ገበያ

ታክሲ ቀየርኩ። ላፕቶፔን በሁለት እጄ አቅፌ ስገባ ረዳቱ፣ «እህት፣ ሕፃን ነው እንዴ? ካለቀሰ ይወርዳል!» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ላፕቶፑ የአባባ ነበር።

ሽሮ ሜዳ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ነጠላና ጋቢው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሦስት ሻጮች ሦስት ስክሪን አላቸው፤ ስክሪኖቹ ግን በራሳቸው ምንም አይሠሩም። ሁሉን የሚሠራው ጓዳ ያለው አንድ ኮምፒውተር ነው፤ እነሱ የእሱን ያሳያሉ።

እትዬ ዘይነባ ትኩስ ሳምቡሳ አስያዙኝ። «ብዪ መጀመሪያ። አባትሽም ሳይበላ አይነካውም ነበር።»

ጓዳ ገብቼ ሜሞሪውን ማን እንደያዘው አየሁ። ሦስቱ ሻጮች የያዙት ትንሽ ነው። ፕሮግራሙን በስሙ ከፍቶ የገባ አራተኛ ሰው ግን አለ፤ ሻጮቹ የሚከፍቱትን የጥለት ፎቶ ሁሉ እየገለበጠ ያስቀምጣል፣ አንዱንም አይለቅም። ስሙን አነበብኩ። አባባ ነው።

«እትዬ፣ በአባባ ስም የተከፈተ ነገር አለ እኮ።»

«አዎ። ፎቶዎቹ እየተቀያየሩ ሲያስቸግሩን አስተካከለና፣ ችግሩ ደግሞ ይመጣ እንደሆነ ልየው ብሎ መከታተያ በስሙ ከፍቶ ሄደ። ‹እስክመለስ እንዳትነኩት› አለን። በማግስቱ ሆስፒታል ገባ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ማን ይንካው? መብራት ሲጠፋ እንኳ እንዳይዘጋ የኮምፒውተሩ ባትሪ ሳያልቅ ሮጠን ጄኔሬተር እናስነሳለን።»

የሚዘጋው አንድ ቁልፍ በመንካት ነው። ሳልነካው ወደ እትዬ ዞርኩ።

«ካልዘጋሁት ፕሮግራሙ አይድንም፣ እትዬ።»

በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ያለ ይመስለን ነበር እኮ። በቃ፣ ዝጊው ልጄ። አንቺ ከሆንሽ አይቆጣም።»

ዘጋሁት። ከፊት አንዷ ሻጭ «ውይ፣ ፈጠነ!» ብላ ጮኸች።

ዊንጌት፣ ስምንት ሰዓት

እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ተሠራ?»

«ተሠራ። አይቀይሩትም።»

እልል ልትል ምንም አልቀራት። የአባባን ስም በእጄ እንዳስወጣሁት ግን አልነገርኳትም፤ እዚህ ጻፍኩት። ለሰው ቃል መታመን የሰውየውን ሥራ ሊያፍነው እንደሚችል ዛሬ ተማርኩ። ሰኞ ሱቁ ሲከፈት ፕሮግራሙ ውስጥ የሚኖሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።