አለቆች የተነሡበት ፎቶ

አባቴ ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዘበኛ ነበር። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የማይሰለቸው አንድ ወሬ አለው፦ ድሮ ሠራተኛው ለፎቶ ተሰብስቦ ሳለ፣ አለቆቹ በሙሉ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ኖር» ብለውታል። ማን ይመነው? ልጆቼ ሳሎን በገባ ቁጥር ተነሥተው «ኖር አባባ» እያሉ ይስቁበታል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላቸዋል። ለእኔ ግን ብቻዬን ስሆን፣ «የልጅ ልጆቼ ውሸታም እንዳሉኝ ልቀበር ነው» ብሎኛል። ቀልድ አልነበረም።

መሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ አውቀዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ መሀል ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፤ ሒሳብ ሹሙና የክፍል ኃላፊዎቹ ግራና ቀኝ፤ ጸሐፊዎቹ ከኋላ ቆመዋል፤ ሾፌር፣ ተላላኪና ዘበኛ ዳር። ደመወዝ ሳትጠይቅ ማን ስንት እንደሚበላ ከወንበሩ ታነበዋለህ። አባቴ የዳር ዳር ነው፣ ያውም ግማሽ ፊቱን የታይፒስቷ ጎፈሬ፣ ልብሱን ትከሻዋ ሸፍኖት።

ዘንድሮ የድሮው ፎቶ ቤት ቦታ ሲለቅ፣ የፎቶ አንሺው ልጅ ጠራኝና «የተበላሸ ነው፤ አባትሽ ሲጠይቀን የኖረው ግን ይሄ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ አንድ ፎቶ ሰጠኝ። እኔ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም፤ እዚያው በር ላይ አየሁት። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሏል። ሒሳብ ሹሙ ገና እየተነሣ ስለሆነ ፊቱ ደብዝዟል። የሁሉም አንገት ወደ ቀኝ ዞሯል፤ ካሜራውን የሚያይ አንድ ሰው የለም። አባቴም የለም።

ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁት። ዋናው ቀልደኛ፣ ትልቁ ልጄ፣ «ታዲያ አባባ የታለ?» አለ።

አባቴ ግን ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠጋና «ዳሩን እዩት» አለ። ቀኝ ጠርዙ ላይ ጥቁር ሹል ነገር ብቅ ብሏል፤ የበርኖስ ትከሻ ነው።

«ለፎቶው ሸጋ ልብስ ልበሱ ሲሉን፣ ኮሶዬ ከሚኖረው አማቴ በርኖስ ተውሼ ገባሁ። ሁልጊዜ በካፖርት ነው የሚያውቁኝ፤ ትልቅ ሰው የመጣ መስሏቸው ብድግ አሉ። ፎቶ አንሺውም ደንግጦ አነሣው።»

«ለበርኖሱ ነዋ የተነሡት» አለ ልጄ።

«መጀመሪያማ ለበርኖሱ ነው። ሲያውቁኝ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሥራ አስኪያጁ ግን ‹አያ፣ አንዴ ተነሥተናል› ብሎ፣ ዳር ቦታዬ እስክደርስ አልተቀመጠም። እሱ ካልተቀመጠ ማን ይቀመጣል? ሁሉም ቆመው ጠበቁኝ።»

ልጄ ፎቶውን አንሥቶ ብዙ አየው። አባቴም እጁን ሊታጠብ ወጣ።

ሲመለስ ልጄ ብድግ አለ። «ኖር አባባ» አለው፤ አልሳቀም። የሳቀው አባቴ ነው፣ እንባው እስኪመጣ። «በእግዜር» አለና መሀለኛው ሶፋ ላይ ተቀምጦ እግሩን አነባበረ።