የዙምሮቱን አባት ማስመሪያ

ዙምሮቱን በኢንዶኔዥያ፣ ጄፓራ ከተማ ውስጥ የአባቷን የበር መሥሪያ ከነሠራተኞቹ ወርሳ የምታስተዳድር ሴት ናት። ምላሷ እንደ መሮዋ ነው፤ የነካችው ሳይቆረጥ አይቀርም። አሮጌውን የእንጨት መላጊያ ማሽን የገዛችው ሰዉ በአክብሮት ፓክ፣ ማለትም አባባ፣ ከሚላቸው ከካስሙሪ ነበር። ሽማግሌው ያገለገለ ማሽን እያደሱ ይሸጣሉ። የዋስትና ወረቀት ብሎ ነገር አያውቁም፤ "ቀጥ ያለ ነው" ካሉ አለቀ። ሰዉም የሚገዛው ቃላቸውን ነው። ከሟች አባቷ ጋር ደግሞ ሠላሳ ዓመት ከአንድ ትሪ በልተዋል።

ማሽኑ የገባ ዕለት ዙምሮቱን አንድ ጣውላ እንኳ ሳታሳልፍበት የአባቷን ማስመሪያ ከነጭ ጨርቁ ፈታ አወጣች። ቁመቷን የሚያህል የቲክ እንጨት ነው። በጃዋውያን ዓመት መባቻ፣ በሱሮ ወር፣ ሌላው ሰው የአያቱን ጩቤ አውጥቶ በሎሚና በአበባ ውሃ ሲያጥብ፣ እሷ ይህንንም አብራ ታጥብና ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። አባቷ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት፣ አንዴም አስታጉላ አታውቅም። ማስመሪያውን ከምላጩ ግራና ቀኝ ባሉት የማሽኑ ሁለት ጠረጴዛዎች ላይ አጋድማ ጎንበስ ብላ አየች። ከማስመሪያው ሥር፣ መሐል ላይ፣ ምላጩ ጋ፣ ብርሃን ሾልኮ አየችው!

"ምን ጉድ ነው ይሄ? ፓክ ካስሙሪ! ይምጡና ሥራዎን ይዩ!"

ሽማግሌው መጡ። ተንበርክከው ማስመሪያውን ረጅም ጊዜ አዩት። ጎረቤቱ በሙሉ በር ላይ ተኮልኩሏል።

"መልሺልኝ ልጄ" አሉ።

"አልመልስም! ራሴ አስተካክለዋለሁ። ግን የአባቴን ሩዝ ሠላሳ ዓመት በልተው ለልጁ ጠማማ ብረት ይሸጣሉ? ትንሽ አያፍሩም?"

ፓክ ካስሙሪ ቆባቸውን አስተካክለው ወጡ። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ማሽን ሊገዙ የተስማሙ ሁለት ሰዎች ቀሩባቸው፤ ሰላምታ የነፈጋቸውም አልጠፋ።

ዙምሮቱን የወተት ቆርቆሮ እየቆረጠች ከጠረጴዛዎቹ ሥር፣ በምላጩ በኩል፣ ስትሸጉጥ፣ ብሎን ስታላላና ስታጠብቅ ሰነበተች። በአምስተኛው ቀን ማስመሪያው ልጥፍ አለ። ከጠረጴዛዎቹ ጋር ፀጉር አያሳልፍም። ከዚያ ሁለት ጣውላ አሳለፈች።

"አላልኩም?" ብላ ሁለቱን ጣውላዎች ጎን ለጎን አጋጠመች። ወይ ጉድ! መሐላቸው ጥፍር ያስገባል።

ሠራተኛዋ ሙስሊህ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "እትዬ፣ የገዛሽው ማሽን ነው ወይስ ጂን? ሁለት ቀጥ ያሉ ነገሮች ተጋጥመው አፋቸውን ይከፍታሉ እንዴ?"

"ዝም በል! ማስመሪያውን አምጣ።"

ሙስሊህ አመጣና፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ሰሌዳ ላይ በማስመሪያው መስመር አሰመረ። ከዚያ ማስመሪያውን ገልብጦ፣ በመስመሩ በነዚያው ሁለት ጫፎች ላይ፣ እንደገና አሰመረ። ሁለቱ መስመሮች አንድ በመሆን ፈንታ መሐል ላይ እንደ ዓሣ ሆድ ተነፍተው ቀሩ።

ዙምሮቱን ሰሌዳው ላይ አጎነበሰች። "አይሆንም! የአባቴ ማስመሪያ?"

"በየዓመቱ ውሃ፣ በየዓመቱ ፀሐይ" አለ ሙስሊህ ቀስ ብሎ። "እንጨት እኮ ነው፣ እትዬ።"

እጆቿን አየቻቸው። በክብር ያጠበችው በነዚህ ነው፤ ያጣመመችውም በነዚሁ። ቆርቆሮውን ሁሉ ነቅላ ጣለችና ጠረጴዛዎቹን ወደ ነበሩበት መለሰች። ሁለት ጣውላ አሳልፋ አጋጠመች፤ መሐላቸው ብርሃን አልነበረም። ማሽኑ ከመጀመሪያው ቀጥ ያለ ነበር።

ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ወደ ፓክ ካስሙሪ ሮጠች። ከደጃቸው ያለው ምግብ ቤት በምሳ ሰው ጢም ብሏል። እጃቸውን ይዛ ግንባሯን አስነካች። "ጠማማው ማስመሪያው ነው" አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

"አውቃለሁ ልጄ። ያን ዕለት አይቼዋለሁ።"

ዙምሮቱን እጃቸውን ለቀቀች። "አይተው ዝም? ስምዎ ጠፋ እኮ!"

"ያ ሁሉ ሰው ቆሞ የአባትሽ ማስመሪያ ጠማማ ነው ልበል? ዕድሜ ልኩን ሲያጣምም የኖረ ይመስላቸው ነበር። እኔ በሕይወት አለሁ፤ ስሜን ቀስ ብዬ አድሰዋለሁ። እሱ በምን አፉ ይመልስላቸዋል?"

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ወደ ተመጋቢዎቹ ዞራ፣ ሽማግሌውን በሰደበችበት በዚያው ድምፅ ጮኸች፦

"ስሙኝ! የፓክ ካስሙሪ ማሽን ቀጥ ያለ ነው! አባቴም ቀጥ ያለ ሰው ነበር! ማስመሪያውን በውሃ ያጣመምኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ዙምሮቱን!"