የወንበሩ አረንጓዴ ጨርቅ

ዘቢደር ባሏ አለምነህ ሲቀበር አላለቀሰችም። ደባርቅ ደግሞ ይህን አይቶ ዝም የሚል ከተማ አይደለም። «ልቧ ድንጋይ ነው» አሉ፤ አንዳንዶቹም የባሰ አሉ። ዕድሜዋን ሙሉ አብራው የኖረች ሴት ፊቷን ሳትቧጭር፣ ደረቷን ሳትደቃ እንደ ሩቅ ሰው ቆማ ብትመለስ ያነጋግራል፤ አይፈረድባቸውም።

እነሱ የማያውቁት ነገር ቤቷ ውስጥ ነበር። አለምነህ በጉብዝናው የፓርክ ዘበኛ ሳለ፣ ዋልያ ሊያጠና የመጣ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ወንበሩን ትቶለት ሄዷል። ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ፣ እግሩ እንደ ፍየል እግር የቀጠነ የእንጨት ወንበር ነው፤ መቀመጫውና መደገፊያው አረንጓዴ የሱፍ ጨርቅ ለብሷል። ለአገሬው ሰው አይመችም፤ አንዴ የተቀመጠበትን ሌላ ሰው ጎትቶ ነው የሚያስነሳው። አለምነህ ግን ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከዚያ የሚያስነሳው ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ብቻ ሆነ። ጨርቁ በጀርባው ልክ ጎድጉዶ፣ ራሱን የሚያሳርፍበትም ከሚቀባው ቅቤ ጠቁሮ ነበር።

ከቀብር መልስ ዘቢደር በሩን ዘጋች፤ ተንበርክካ ፊቷን እዚያ ጥቁር ቦታ ላይ አስጠጋች። ቅቤው፣ ጭሱ፣ ላቡ፣ ሁሉም አለ። ሰውዬው አልሄደም። ከዚያ ወዲህ ለቀስተኛው ሲበተን በየምሽቱ እንዲሁ ታደርጋለች። ለማንም ግን አልተናገረችም። በዚህ ዕድሜዋ ወንበር የምታሸት አሮጊት ከምትባል፣ ልቧ ድንጋይ ነው ቢሏት ይሻላታል።

ጎንደር የምታስተምረው ልጇ ሃና ለአርባው ተዝካር መጥታ ቤቱን ስታሰናዳ ዓይኗ ወንበሩ ላይ አረፈ።

«እማ፣ ይሄን ገበያ ሱሌማን ጋ ወስጄ አዲስ ጨርቅ ላስለብሰው? አባ ወልደ ሩፋኤል ይቀመጡበታል። እንዲህ ቆሽሾ ለነፍስ አባት አይሆንም።»

ዘቢደር ፊቷ ጋለ። አትንኪው ብትል ለምን ልትባል ነው፤ ለምኑን ደግሞ ለወለደቻት ልጅ በምን አፏ ትንገራት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እንዳሻሽ» አለች። ሃና በግርግሩ ትረሳዋለች ብላ ተስፋ አድርጋ፣ ዕቃ ልትቀበል ወደ ዕድሩ ቤት ሄደች። ስትመለስ ወንበሩ የለም።

በተዝካሩ ዕለት ጠዋት ሱሌማን ራሱ ተሸክሞት መጣ። የገበያው ሶፋ ሠሪ ነው፤ አለምነህን እንደ አባቱ ያይ ነበር። አዲስ ስፖንጅ ሞልቶ፣ የሚያብረቀርቅ ቡኒ ሌዘር አልብሶታል።

«እትዬ ዘቢደር፣ ይቺ ከኔ ናት። የአያ አለምነህን ነፍስ ይማርልን።»

«የድሮው ጨርቅ የታለ፣ ልጄ?»

«ያ ምን ያደርግልዎታል! ከሰጋቱራው ጋር አቃጠልኩት።»

«እጅህ ይባረክ» አለችው። ሰውዬው ለአለምነህ ክብር ብሎ ሲለፋበት ከርሟል፤ ሌላ ምን ትበለው።

ጸሎቱ ሲያልቅ አባ ወልደ ሩፋኤል ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ቀምሰው፣ ባርከው ሲነሱ ስፖንጁ ተመልሶ ቀጥ አለ፤ ማንም ተቀምጦበት የማያውቅ መሰለ። ዘቢደር እንግዳው ሁሉ እያየ ሄዳ ተንበረከከች። ራስ በሚያርፍበት ቦታ ፊቷን አደረገች። ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ሌላ ምንም የለም።

ያን ጊዜ እሪ አለች። ስሙን እየጠራች ደረቷን ደቃች። ሃና ሮጣ እጆቿን ያዘቻት።

«እማ፣ ተይ እንጂ። ዛሬ እኮ አርባው ነው፤ ሐዘኑ አበቃ።»

«ለእናንተ ነው» አለች ዘቢደር። «እኔ ገና አሁን ቀበርኩት።»