የሁሉም የነበረው ውሻ

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ መብራት ሲጠፋ ቀድማ የምትበሳጨው እኔ ነኝ፤ ያኔ ግን እህል በረንዳ የነበረው ግቢያችን ጨለማ ሲውጠው፣ በየቤቱ የሚጮኸው ሬዲዮና ቴሌቪዥን በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲል፣ እትዬ ዘሃራ የከሰል ምድጃቸውን ወደ ደጃፋቸው ያወጣሉ፣ ኩራዛቸውን ይለኩሳሉ፣ እኛም የግቢው ልጆች ማንም ሳይጠራን እንሰበሰባለን። ጠዋት ስንነሳ አፍንጫችን በኩራዙ ጭስ ጠቁሮ ይገኝ ነበር። ከአባቴ መጋዘን የሚወጣው የጤፍ ብናኝ በፍሙ ብርሃን ላይ ሲንሳፈፍ አሁንም ይታየኛል።

እትዬ ዘሃራ ከወሎ የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ቀን ቀን መጋዘናችን ፊት ለፊት ተቀምጠው እህል ያበጥራሉ። ተረት ሲያወሩ ድምፃቸውን አይለዋውጡም፤ ጅቡም ጦጣዋም የሚናገሩት በአንድ ዓይነት የተረጋጋ ድምፅ ነበር፣ ለዚያም ይመስለኛል ሁሉንም የምናምነው። በመሃል የሚያቋርጥ ልጅ ካለ አይቆጡም። እስኪያፍር ድረስ ዝም ብለው ፍሙን ይቆሰቁሳሉ።

ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ነብሮ ይተኛል። ነብሮ ቡችላ ሳለ እህል የጫነ መኪና ተከትሎ ገብቶ እዚያው የቀረ ቡናማ ውሻ ነው። የማንም ስላልነበረ የሁሉም ሆነ። እማዬ ትራፊ ትሰጠዋለች፤ የጎረቤት መጋዘን ባለቤት የሆኑት ጋሼ ተካ ከሥጋ ቤት አጥንት ያመጡለታል፤ ተሸካሚዎቹ ከዳቧቸው ይቆርሱለታል። እትዬ ዘሃራ ብቻ አይነኩትም። የሃይማኖታቸው ነገር ነው፤ ነብሮ የላሰውን ዕቃ ደጋግመው፣ አንዱን ጊዜ በአፈር ፈትገው ካላጠቡ እጃቸው አያርፍም። ቢሆንም በየማታው ጣሳውን ውሃ የሚሞሉለት እሳቸው ነበሩ።

አንድ ሰሞን የድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በሰፈሩ እየዞረች፣ ውሻና ድመት ያለው ሰው ሁሉ ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ እንዲያስከትብ ለፈፈች። ቦታው ሩቅ አልነበረም፤ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ነው። አባቴ ጋሼ ተካ ይወስዱታል ብሎ አሰበ። ጋሼ ተካ አባቴ ይወስደዋል አሉ። ተሸካሚዎቹ ይህ የባለመጋዘኖቹ ጉዳይ መሰላቸው፤ እማዬ ደግሞ ወንዶቹ እያሉ እኔን ምን አገባኝ አለች። አንዱም ክፉ አላሰበም፣ ሁሉም ሌላውን አመነ። ነብሮ የዚያን ቀን ጥላ ሥር ተኝቶ ዋለ።

ከወራት በኋላ ጸባዩ ተለወጠ። የቆመ መኪና ሥር ገብቶ አልወጣ አለ፤ ሲጠሩት አይመጣም፤ አጥንት ሲወረወርለት ዞር ብሎ አያይም። ትልልቆቹ ሙቀቱ ነው፣ ይለቀዋል አሉ። ታናሽ ወንድሜ ሳሚ ያኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባም። እንደ ልማዱ ዳቦውን ይዞ ወደ መኪናው ሥር ጎንበስ አለ፤ ነብሮም ሳይጮህ፣ ሳያጉረመርም፣ ክንዱ ላይ ነከሰው።

ቀድመው የደረሱት እትዬ ዘሃራ ነበሩ። ሳሚን አንጠልጥለው ወደ ቧንቧው ሮጡ። አንዱ ተሸካሚ በርበሬ ይነስነስበት ይላል፤ ጋሼ ተካ ለዚህ የባህል መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ሰባተኛ ሰፈር አለ፣ እሱ ጋ እንውሰደው ይላሉ። እሳቸው ማንንም አልሰሙም። ሳሙና አስመጥተው የወንድሜን ክንድ በሚወርደው ውሃ አጠቡት፣ ደግመው አጠቡት፣ አሁንም አጠቡት። የውሻ ምራቅ የነካውን እንዲህ ማጠብ የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ነው። እማዬ እያለቀሰች ይበቃል፣ ልጄን በረደው ብትላቸውም ቀና አላሉም። ሲጨርሱ፣ «አሁን ወደ ጤና ጣቢያ፤ ሌላ የትም እንዳትሄዱ» አሉ።

ጤና ጣቢያ የተቀበለችን ነርስ፣ ከመርፌው በፊት ለልጁ የተደረገለት ትልቁ ነገር ያ እጥበት መሆኑን ነገረችን። ቀጥላም ውሻው ተከትቦ እንደሆነ ጠየቀች። አባቴና እማዬ ተያዩ። ይህ በሽታ አንዴ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ መዳኛ እንደሌለው ስትናገር፣ እኔ የእማዬን ነጠላ ጨብጬ ቆሜ ነበር። ሳሚ ሊሞት እንደሚችል የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ወደ ግቢ ስንመለስ ተሸካሚዎቹ ነብሮን በገመድና በረጅም እንጨት አድርገው ባዶ መጋዘን ውስጥ ዘግተውበታል። አመሻሹ ላይ ጭቅጭቁ ተጀመረ። ጋሼ ተካ፣ የሚተኛው ያንተ ደጅ ላይ አይደለም ወይ ይላሉ፤ አባቴ ደግሞ አጥንት እያመጣ ያላመደው ማነው ይላቸዋል። ተሸካሚዎቹም ተከፋፍለው ገቡበት። ያን ምሽት መብራት አልጠፋም ነበር፤ እትዬ ዘሃራ ግን ምድጃቸውን አውጥተው ተቀመጡ። እኛ ልጆቹ ለመጠጋት ፈራን። እሳቸው ቀና ብለው ያዩት ትልልቆቹን ነበር።

«ውሻ ከጫካ ወጥቶ አንድ መንደር ደረሰ» አሉ፣ በዚያው በማይለዋወጠው ድምፃቸው። በየደጁ እየቆመ የማን ልሁን ብሎ ጠየቀ፤ ሁሉም የሁላችን ነህ አሉት። ደስ ብሎት የሁሉንም ቤት ጠበቀ። አንድ ቀን ታመመ። ወደ መጀመሪያው ቤት ቢሄድ የጎረቤቴ ነህ ተባለ፤ ጎረቤትየው ወደሚቀጥለው ላከው፤ እንዲህ እያለ መንደሩን ዞሮ ጨረሰና ተመልሶ ወደ ጫካው አቀና። እዚያ ጅብ ጠበቀው።

«ጅቡም የማን ውሻ ነህ አለው። የሁሉም ነኝ አለ። ጅቡ ደስ አለው። እንግዲያው ፈልጎህ የሚመጣ ሰው የለም አለና በላው።»

ከዚያ በኋላ ፍሙን መቆስቆስ ያዙ። አባቴ ከኮቱ ላይ የሌለ ብናኝ ሲያራግፍ ቆየ።

በማግስቱ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጣ። ውሻው ተዘግቶበት መጠበቅ እንዳለበት፣ ማንም እንዳይነካው፣ ሁኔታውንም ባለቤቱ በየቀኑ እየመጣ እንዲያስታውቅ ተናገረ። ከዚያም ግቢው መሃል ቆሞ የውሻው ባለቤት ማን እንደሆነ ጠየቀ። አባቴ ሳሚን ታቅፎት ነበር፤ የልጁ ክንድ በፋሻ ተጠቅልሎ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል።

«የኔ ነው» አለ አባቴ።

ጋሼ ተካ አንገታቸውን ደፉ። ከእሳቸው ጋር የነበረው ጠብ እዚያ ላይ አበቃ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ጠዋትና ማታ የውሃውን ጣሳ በረጅም እንጨት እየገፋ በበሩ ሥር ያስገባለት ነበር። ነብሮ መዋጥ አቅቶት ነበር። ድምፁ ጎረነነ፤ የኛ ውሻ ድምፅ መሆኑ ቀረ። ትራስ ጭንቅላቴ ላይ ጭኜ እንዳልሰማ እታገል ነበር። አባቴ ግን ከተዘጋው በር ውጭ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ስሙን ቀስ ብሎ ይጠራው ነበር። ከመጋዘኑ የሚሰማው ድምፅ ጸጥ ሲል ባለሙያው ጓንት አድርጎ መጣና ሬሳውን ወሰደ። በኋላም በሽታው ያው የተፈራው እንደነበር ተነገረን። ሳሚ መርፌውን አንድም ሳያስቀር ጨረሰ፤ ተረፈም። እማዬ ግን ለብዙ ጊዜ ውሃ ሲጠጣ ጉሮሮውን ትመለከት ነበር።

ዛሬ ያ ግቢ ፈርሶ ሕንፃ ቆሞበታል፤ እትዬ ዘሃራም አባቴም የሉም። እኔ አንድ ውሻና አንድ ድመት አሉኝ። የክትባታቸው ጊዜ ሲደርስ ይዣቸው የምሄደው ራሴ ነኝ። ውሻዬን ከአጥር ውጭ አልለቀውም፤ አንዳቸው ምግብ ሲጠላ ወይም ጥግ ይዞ ሲተኛ ሙቀቱ ነው ብዬ አላልፍም። ጓደኞቼ አበዛሽው ይሉኛል፤ ይበሉ። ከእትዬ ዘሃራ ተረቶች አብዛኞቹን ረስቻለሁ፤ የጦጣዋ ብልሃት ምን እንደነበር ብትጠይቁኝ አላውቅም። ያንን አንዱን ግን እንኳን ልረሳው፣ እሳቸው ፊት ለፊቴ ያሉ ያህል ነው የሚሰማኝ።

ሳሚ ስለዚያ ሁሉ የሚያስታውሰው የለም። የቀረው ክንዱ ላይ ያለው ጠባሳ ብቻ ነው። በቅርቡ ቤቴ መጥቶ፣ ውሻዬ እግሩ ሥር ተኝቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ጠባሳውን እያሻሸ፣ «ለመሆኑ ያ ውሻ የማን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የሁሉም» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።

«የኛ» አልኩት።